የእናት በር

እማማ ቋጠሮ ሰባ አንድ ዓመት ሞልቷቸዋል። ከዚያ ውስጥ ስድሳ ሁለቱን መረብ ሲሠሩ ኖረዋል። ቅጽል ስሙን ያወጣላቸው የሐይቁ ዳርቻ ሰው ነው፤ እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ዛሬ የሚያውቀው መታወቂያ ካርዳቸው ብቻ ነው። የሥራ ክፍላቸው ድሮ ጀልባ ይጠገንበት የነበረ ረጅም ቤት ነው። አንዱ ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ምስማር ተመቶበታል፤ ከጣሪያው መንጠቆ ያላለቀ መረብ ይንጠለጠላል፤ በመስኮቱ በኩል ሐይቁ ከነማዶው ይታያል። ክር የሚጠቀለልባቸው የእንጨት መርፌዎች በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል። አንዱ የአባታቸው ነበር፤ ከእጅ ብዛት ተልጎ ተልጎ አጥንት መስሏል። እሱን ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም።

ሰው ጦርነትን የሚያውቀው በሬዲዮ ወሬ ነው። እማማ ቋጠሮ ግን የሚያውቁት በመረብ ነው።

በአያታቸው ዘመን ጦርነት ቀጠሮ ነበረው። የማዶ ሰዎች "ማክሰኞ ሜዳው ላይ እንገናኝ" ብለው ይልካሉ፤ ማክሰኞ ይገናኛሉ። ሰውየው ጦሩን ከመወርወሩ በፊት ባላጋራውን የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቀዋል። አያታቸው ግራ ትከሻቸው ላይ ጠባሳ ነበራቸው፤ የወጋቸውንም ሰው በስሙ ያውቁት ነበር። ከእርቁ በኋላ ገበያ ላይ ሲያገኛቸው "ትከሻህ እንዴት ሆነ?" ይላቸዋል። እሳቸውም "ከክንድህ ይሻላል" ይሉታል። በዚያን ጊዜ መረብ ከጦርነት ጋር ምንም ጉዳይ አልነበረውም። ዓሣ ይይዛል፣ በቃ።

በአባታቸው ዘመን አውሮፕላን መጣ። ወታደሮች እዚሁ ቤት ድረስ መጥተው መረብ ጠየቁ፤ የፈለጉት ለመያዝ ሳይሆን ለመደበቅ ነበር። አባት ቅጠልና የአሮጌ ልብስ ቁራጭ እየሰኩ በወታደሮቹ መኪናዎች ላይ ዘረጉት፤ ከላይ ለሚያይ ሰው ቁጥቋጦ ነው። ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ የነበሩት እማማ ቋጠሮ ክር እያቀበሉ፣ "አባዬ፣ ከሰማይ የሚያየን ሰውዬ የማን ልጅ እንደሆንን ያውቃል?" ብለው ጠየቁ። አባት መርፌያቸውን አቆሙ። "አያውቅም፤ ቢያውቅም አይጠቅመውም" አሉ። ከዓመታት በኋላ ሙቀት የሚያይ ዓይን ተሠራ፤ ሞተሩ ከሞቀ ቅጠል አይከልለውም። ወታደሮቹ መረቦቹን በጭነት መኪና መልሰው ደጃፍ ላይ ጣሏቸው። አባት ሳምንቱን ሙሉ ከመረቡ ላይ የደረቀ ቅጠል ሲለቅሙ ሰነበቱ።

የባለቤታቸው ደግሞ የባሰ ነው። ጦርነቱ ካለቀ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በሰላም አገር፣ ጀልባ ወደ ዳር ሲጎትቱ የተቀበረ ፈንጂ ረግጠው ሞቱ። የቀበረው ሰው ያኔ ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ አግብቶና ወልዶ ነገሩን ረስቶትም ሊሆን ይችላል። እማማ ቋጠሮ አለቀሱ፤ ለቅሶው ሲወጣላቸው ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ቀረ፤ መደነቅ። የቀበረው ሰው ትቶት ሲሄድ እንኳ ሥራውን የማይተው፣ ስምንት ዓመት ሳይበላ ሳይጠጣ የሚጠብቅ ጠላት! እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስብ ጭንቅላት ከሰው ነው የተፈጠረው? ብለው ስንት ቀን ሐይቁን እያዩ ተቀመጡ። በእጃቸው የቀረው የአራት ዓመት ወንድ ልጅ ነበር።

ያ ልጅ ዛሬ የአምቡላንስ ሾፌር ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባ ሆኖ ከማዶ ጋር ጦርነቱ እንደገና ሲጀመር፣ የሚነዳው ከከተማው ወደ ሆስፒታሉ በሚወስደው ብቸኛ መንገድ ላይ ነበር። ከዚያ መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትሩ ከሐይቁ ዳር ራቁቱን የተጋደመ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ሦስት መኪና ተቃጥሎበታል። ልጅየው በሰላም ሲመለስ በቤታቸው በኩል ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ጡሩምባ ይነፋል፤ ያን እስኪሰሙ እማማ ቋጠሮ ምግብ ከጉሮሯቸው አይወርድም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሻምበል በሩን አንኳኳ። ውትድርና ከመግባቱ በፊት ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ነበር። ቀጭን ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ይመስላል።

"እማማ፣ ስንት ሜትር መረብ አለዎት?"

"ምን ልትይዝበት?"

"ከላይ የሚመጣ ነገር።"

"ወፍ?"

"ወፍማ በሆነልን!" አለ፤ ግንባሩን ጠረገ። "ድሮን ነው። ድሮ ሞገዱን በመሣሪያ እናፍነው ነበር፤ ይታወርና ይወድቃል። አሁን ግን በክር መጣብን።"

"በምን?"

ሻምበሉ ከደረት ኪሱ የክብሪት ቤት አወጣ። በላዩ ላይ ለዓይን የሚያስቸግር፣ ከፀጉር የቀጠነ ነገር ተጠቅልሏል። ብርጭቆ መሆኑን ነገራቸው። ድሮኑ ይህን ከሆዱ እየተረተረ አሥር ኪሎ ሜትር ሐይቁን ይሻገራል፤ ማዶ የተቀመጠው ሰው በዚሁ ክር ያያል፣ በዚሁ ክር ይነዳዋል። የሚታፈን ሞገድ የለውም።

እማማ ቋጠሮ ጫፉን ያዙት። ከጥጥ እስከ ናይለን በእጃቸው ያላለፈ ክር የለም። ምንም ሳያስቡ ጣታቸው እንደ ልማዱ ዙሮ ሊቋጥረው ሲል ክሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

"ይሰበራል፣ እማማ። አይታጠፍም።"

"ቋጠሮ የማይቀበል ክር!" አሉ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ክሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስተው ደጋግመው አዩት። "ብርጭቆን እንዲህ አድርገው የፈተሉት ሰዎች … እንደው እጃቸውን ባየሁት! ለዚህ ነው ያዋሉት?"

"ለዚህ ነው።"

"እና አንተ ለዚህ ሁሉ ጥበብ መልሱ የዓሣ መረብ ነው ትለኛለህ?"

"ክንፉ ከተጠላለፈ ያው ዓሣ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ?"

"አንበሳማ በምድር ነው የሚሄደው፣ ልጄ። ይሄኛው መንገድ የለውም" አሉ። ከዚያ ግን ልጃቸው ትዝ አላቸውና መርፌያቸውን ከቆርቆሮው አነሱ። "እስቲ ልካችሁን ንገሩኝ።"

ሦስት ሳምንት ተሠራ። የዳርቻው ሴቶች አሮጌ መረብ እያመጡ ቀጠሉት፤ በመጨረሻ እያንዳንዱ ሃምሳ ሜትር የሆነ አርባ ቁራጭ ወጣው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ረጃጅም እንጨት ተተከለ፤ መረቡ ከላይ እንደ ጣሪያ፣ ከጎን እንደ ግድግዳ ሊወርድ ነው። የቁራጮቹን ጠርዝ ግን እማማ ቋጠሮ ለማንም አልሰጡም፤ አርባውንም በገዛ እጃቸው ጨረሱት።

መረቡ ሲሰቀል ሻምበሉ መጣና የመሐንዲስ ነገር፣ እንዲወጠር ፈለገ።

"ቢላላ ያስጠላል፣ እማማ። ደግሞ ይንቀጠቀጣል።"

"ለሠርግ ነው እንዴ የምንሰቅለው? ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። የተወጠረ መረብ ግድግዳ ነው፤ ግድግዳ ሲመቱት ይፈርሳል። የላላ መረብ ሆድ ነው፤ የመጣለትን ይውጣል።"

ሻምበሉ አልተዋጠለትም። ድንጋይ አነሳና በተወጠረው በኩል ወረወረ፤ ድንጋዩ ተስፈንጥሮ ራሱን ለጥቂት ሳተው። በላላው በኩል ሲወረውር መረቡ ተቀበለውና እንደ ያዘው ቀረ። ሻምበሉ ኮፍያውን አውልቆ አቀረቀረ፤ ሴቶቹ ሳቁበት፤ መረቡ ላልቶ ተሰቀለ። አምቡላንሱ በሥሩ ማለፍ ከጀመረ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም መኪና አልተቃጠለም፤ እማማ ቋጠሮም ምግብ መውረድ ጀመረላቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ሻምበሉ እንደ ሕፃን ደስ ብሎት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። ፈንጂው ተነቅሎለት ባዶ የቀረ ድሮን ነበር፤ መረቡ የያዘው የመጀመሪያው። ጠረጴዛው ላይ አኖረላቸው።

"ይኸው ዓሣዎ!"

እማማ ቋጠሮ ዞረው ዞረው አዩት። አራት ክንፍ፣ በመሃል አንድ የብርጭቆ ዓይን። ይህን ያህል አገር ያስጨነቀው ነገር ድስት ክዳን አያክልም። መረብ ሠሪ የያዘውን ሳይለካ አይተውምና መዳፋቸውን ዘርግተው ከክንፍ እስከ ክንፍ ለኩት። ሁለት ስንዝር፣ ሊያውም ትንሽ ጎደል ያለ።

እጃቸው ባለበት ቀረ። ፊታቸው ሲገረጣ ሻምበሉ አየና ወንበር አቀረበ።

በዚህ ሐይቅ፣ በዚህኛውም ዳር በማዶም፣ መረብ ሠሪ ሁሉ የሚጠብቀው አንድ ደንብ አለ። ጠርዙን ሲጨርስ በታችኛው ጥግ ሁለት ስንዝር ክፍት ይተዋል። የእናት በር ይባላል። እንቁላል የያዘች ትልቅ ዓሣ እንደ ጎረምሶቹ በድንጋጤ አትገፋም፤ መረቡን ተከትላ ጥግ ጥጉን ቀስ ብላ ትሄዳለች፣ በሩን ታገኛለች፣ ትወጣለች። "በር የሌለው መረብ ሐይቁን ይጨርሳል" ይሉ ነበር አባታቸው። እማማ ቋጠሮ በስድሳ ሁለት ዓመት ውስጥ በር የሌለው መረብ ሠርተው አያውቁም። ሲሠሩት አያስቡትም፤ ጭንቅላታቸው ስለ ሌላ ሲያወራ እጃቸው በሩን ትቶ ያልፋል።

"ልጄ" አሉ ሻምበሉን። "እኔ … በሩን ትቼዋለሁ። በአርባውም ላይ።"

ነገሩ ሲገባው ሻምበሉም ተቀመጠ። በሮቹ ከሐይቁ በኩል፣ መረቡ መሬት በሚነካበት ጥግ፣ በመረቡ እጥፋት ውስጥ ተሸሽገዋል፤ እስካሁን ድሮን ያላገኛቸው በዕድል ነው። የሚሰፉት ደግሞ ከሐይቁ ፊት ለፊት ቆመው ስለሆነ ጉም ካልወረደ አይሞከርም፤ ጉም የሚወርደው ማለዳ ነው። "ወታደር እልካለሁ" አለ። እማማ ቋጠሮ ራሳቸውን ነቀነቁ። መረቡ ስለ ላላ ክፍቱን በዓይን ማግኘት አይቻልም፤ እጃቸው ያኖረውን የሚያውቀው እጃቸው ብቻ ነው። "የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ" አሉ መዳፋቸውን እያዩ፤ ተረቱን ሲናገሩት ግን የሳቀ አልነበረም።

ልጃቸውን በሮቹ ተሰፍተው እስኪያልቁ እንዳይነዳ ለመኑት።

"እማ፣ ነገ ጠዋት የምወስዳት ምጧ የጠናባት ሴት ብትኖርስ? ቆይ የእናቴ መረብ ላይ ቀዳዳ አለ ልበላት?"

"በእንዲህ ያለ ነገር አትቀልድብኝ።"

"አልቀለድኩም። አንቺ ስፊ፣ እኔ ልንዳ።"

በማግስቱ ማለዳ ጉሙ ሐይቁንም መንገዱንም ውጦት ነበር። ልጅየው እናቱንና ሻምበሉን የመጀመሪያው እንጨት ሥር አውርዷቸው ወደ ከተማ ተመለሰ። እማማ ቋጠሮ የአባታቸውን መርፌ ይዘው በመረቡ ጥግ እጃቸውን ሲያሾልኩ በሩን ወዲያው አገኙት፤ ሻምበሉ የታችኛውን ገመድ ያዘላቸው፤ ሰፉት። ቀጠሉ። ሻምበሉ ይቆጥራል፣ እሳቸው ይሰፋሉ። አሥር። ሃያ። እያንዳንዱን ሲዘጉ ደረታቸው ላይ አንድ ነገር ይከብዳቸዋል፤ አርባ ጊዜ አባታቸውን እንቢ ማለት ነበረና። ሠላሳ ሦስት ላይ ጉሙ መሳሳት ጀመረ። ሠላሳ ስምንት ላይ የማዶው ዳርቻ ታየ።

"እማማ፣ ይበቃናል፤ እንውጣ።"

"ሁለት ነው የቀረው።"

ሠላሳ ዘጠነኛውን ቋጥረው እንደ ጨረሱ ድምፁ ተሰማ፤ ከውሃው በላይ ጢዝ የሚል። ድሮኑ መጥቶ ከመረቡ ውጭ በክንድ ርቀት ቆመ። የብርጭቆ ዓይኑ ወደ እማማ ቋጠሮ ዞረ፣ አያቸው። እሳቸውም አዩት። ከአያታቸው ዘመን ወዲህ ጦርነት ለመጀመሪያ ጊዜ የዚህን ቤት ሰው ፊት ለፊት ማየቱ ነበር፤ ልዩነቱ እሳቸው የእሱን ፊት አለማየታቸው ነው። አልነካቸውም። ዝቅ አለና ገና አሁን የተቋጠረውን ጥግ አየ። ተዘግቷል። ከዚያ መረቡን ተከትሎ፣ ጥግ ጥጉን፣ ቀስ ብሎ ወደ መጨረሻው እንጨት መሄድ ጀመረ።

እማማ ቋጠሮ ይህን ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። የሚፈልገው ቀዳዳ አይደለም። የሚፈልገው በሩን ነው። በየትኛው ጥግ፣ በምን ከፍታ እንደሚሆን ያውቃል።

በኋላቸው፣ ከከተማው በኩል፣ የአምቡላንሱ ጩኸት ተሰማ።

እማማ ቋጠሮ ወደ አርባኛው ሮጡ፤ በሰባ አንድ ዓመት ጉልበት ሩጫ ከተባለ። አሥር እርምጃ ሲቀራቸው ድሮኑ አርባኛው ጥግ ላይ ቆመ፣ ክንፉን አጋደለ፣ በበሩ ገባ። በራሳቸው ላይ አልፎ በመረቡ ዋሻ ውስጥ ወደ አምቡላንሱ ተፈተለከ።

"እማማ፣ ይተኙ!" አለ ሻምበሉ መሬት ላይ እየወደቀ።

አልተኙም። ያ ክር በየትም ቢያልፍ ለዓይን አይታይም። በአንድ ቦታ ግን የግድ ያልፋል፤ ገና ባልዘጉት በር፣ በሁለት ስንዝር ውስጥ። በሩ ላይ ደርሰው ጣታቸውን ዘረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ፈለጉት፣ ክርን ከክር በማያሳስት ጣት። አንድ የቀዘቀዘ ነገር ነካቸው። ሊቋጥሩት እንደሆነ ሁሉ በጣታቸው ዙሪያ አጠፉት።

ቀጭ አለ።

ድሮኑ በዋሻው መሃል እንደ ሰከረ ሰው ተንገዳገደ፣ ወደ ጎን ዞረ፣ መረቡ ውስጥ ገባ። መረቡ ሆዱን ሰጠው፣ ተጠቀለለበት፣ ክንፎቹ ትንሽ ታግለው ቆሙ። አልፈነዳም። አምቡላንሱ ሠላሳ እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። ሻምበሉ ተነስቶ በሌላኛው ጠርዝ በኩል ቀስ ብሎ እንዲያልፍ በእጁ መራው። አምቡላንሱም አለፈ፤ ሁለት ጊዜ አጠር አጠር አድርጎ ጡሩምባ ነፋ። እማማ ቋጠሮ እንጨቱን ተደገፉ።

ልጅየው አጠገባቸው ሲደርስ መስኮቱን ዝቅ አደረገ። ከኋላ ምጥ የያዛት ሴት ታቃስታለች። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

"እማ … በሩን እንዴት አወቀው?"

እማማ ቋጠሮ ጣታቸው ላይ የቀረውን የብርጭቆ ክር አዩት። ሌላኛው ጫፍ ከመንገዱ ወርዶ፣ ውሃውን አቋርጦ፣ ፀሐይ ወደ በራበት ማዶ ሄዷል። እዚያ የተቀመጠው ሰው አሁን የጨለመ መስኮት እያየ ይሆናል።

"አባቱ አስተምሮት ነው" አሉ። "ወይም እናቱ። መረብ ሠሪ ናት።"

ልጁ ሊመልስ ሲል ሴትዮዋ ጮኸች። "ሂድ፣ ሂድ! ልጅ እየመጣ ነው" አሉት፤ ነዳው።

ይህን ሁሉ ዘመን መሣሪያው ተቀያየረ፤ ጦሩ ቦምብ ሆነ፣ ቦምቡ የሚጠብቅ ፈንጂ፣ ፈንጂው የሚያይ ክር። እማማ ቋጠሮ በእያንዳንዱ ተደንቀው ነበር። ዛሬ ግን የደነቃቸው መሣሪያው አልነበረም። በክሩ ጫፍ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ሊያውቁት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ ገበያ ላይ ቢያገኙት የመረብ ክር ጣቱ ላይ ባስቀረው ጠባሳ ይለዩታል። የእናት በር የዓሣ እናት ማለፊያ ነበር፤ እሱ በዚያ በር የእሳቸውን ልጅ ሊገድል ገባ፤ እሳቸውም በዚያው በር ያዙት። ልባቸው በአንድ ጊዜ በደስታም በኀዘንም ሞልቶ እንባቸው ፈሰሰ፤ አልጠረጉትም።

የአባታቸውን መርፌ አነሱ። ሻምበሉ ገመዱን ያዘላቸው። አርባኛውን በር ዓይን በዓይን ሰፍተው ዘጉ፣ መጨረሻውን ሁለት ጊዜ ቋጠሩ፣ በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዳር እስከ ዳር ክፍት የለም። በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነው።

"አባዬ" አሉ ወደ ውሃው እያዩ፣ "ሐይቁን ጨረስነው።"

ከዚያም የተረፈውን ክር በጥርሳቸው በጥሰው መርፌውን ኪሳቸው ከተቱ።